ምዕራፍ ሰባት፦ መግደላዊት የተባሉት ሴቶች

ወንጌልን በጥሞና የሚያነብ ሰው ስቅለቱ ላይ ሲደርስ ማርያሞቹ ይበዙበታል። ዮሐንስ ከመስቀሉ አጠገብ ቆመው ነበር ካላቸው ሴቶች መካከል እመቤታችን፣ የቀለዮጳ ማርያምና መግደላዊት ማርያም አሉ። ማቴዎስና ማርቆስ የያዕቆብና የዮሳ እናት የሆነች ማርያምን ያነሳሉ። ጥቂት ምዕራፎች ወደ ኋላ ገለጥ ሲደረግ ደግሞ በቢታንያ የማርታና የአልዓዛር እኅት ማርያም ትገኛለች። ስሙ በዘመኑ እጅግ የተለመደ ነበር። በመቃብር ድንጋይና በልዩ ልዩ ጽሑፎች ላይ ስማቸው ከተገኘ የዚያ ዘመን የይሁዳና የገሊላ ሴቶች መካከል ከአምስቱ አንዷ ያህል ማርያም ናት።

እንዲህ ሲሆን መለያ ያስፈልጋል። ልማዱ ሴትን በወንድ መለየት ነበር፦ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት፣ የእገሌ ልጅ። ዮሐና የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ተብላ ተጽፋለች። ለዚህችኛዋ ማርያም ግን ባልም፣ ልጅም፣ አባትም አልተጠራላትም። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት አልማዝ ሲኖሩ አንዷን «የደሴዋ አልማዝ» እንደምንላት፣ እርሷንም ከሌሎቹ የለያት የመጣችበት ከተማ ነው። ስሙ ሲጀመር ከዚህ የዘለለ ትርጉም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሺህ ዓመታት የደረሰበትን ስናይ ይህን መነሻ አንርሳ።

መግደላ ከገሊላ ባሕር በስተ ምዕራብ፣ ከጥብርያዶስ ጥቂት ወደ ሰሜን ከፍ ብላ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። ስሟ «ግንብ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ብዙ ሊቃውንት የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ በግሪክኛ ስሟ «ታሪኬያ» የሚላት፣ ዓሣ በጨው እየታሸ የሚሸጥባት ከተማ ይህችው መግደላ እንደሆነች ይስማማሉ። በ67 ዓ.ም. የሮማው የጦር አዛዥ ቬስፓስያኖስ ይዟታል። በ2009 በቦታው ለመንፈሳዊ ተጓዦች ማረፊያ ለመሥራት መሬቱ ሲቆፈር የመጀመሪያው መቶ ዘመን ምኩራብ ወጣ። መሐሉ ላይ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ የተቀረጸበት ድንጋይ ተቀምጦ ነበር፤ መቅደሱ በኢየሩሳሌም ገና ቆሞ ሳለ የተቀረጸ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና የወር ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገድ ላይ ሳለን አንድ ነገር ላጥራ። የእኛዋ መቅደላ ከዚህች መግደላ ጋር ምንም ዝምድና የላትም። እንግሊዞች በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ የአምባውን ስም ከመጽሐፍ ቅዱሷ ከተማ ጋር በአንድ ዓይነት ፊደል ስለጻፉት ነው ግራ መጋባቱ የመጣው። ጄኔራል ናፒየርም ሲመለስ «የመግደላው ባሮን» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት በዚያው ቀረ። ዛሬም በእንግሊዝኛ ስለ አንዷ የሚፈልግ ሰው ሌላዋ ድቅን ትልበታለች።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። አራቱ ወንጌላት መግደላዊት እያሉ የሚጠሯት 12 ጊዜ ነው። አሥራ አንዱ በመስቀሉ፣ በመቃብሩና በትንሣኤው ዙሪያ ነው። የቀረው አንዱ ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ ነው። እዚያ ሰባት አጋንንት ከወጡላት በኋላ ከዮሐናና ከሶስና ጋር ጌታን እየተከተለች በገንዘቧ ታገለግል እንደነበር ተጽፏል። ስለ ሕይወቷ የተነገረው ይኸው ነው። ጋለሞታ ነበረች የሚል አንድ መስመር የለም። በወንጌል ጋኔን ያደረበት ሰው እንደ ሕመምተኛ የሚታይና የሚፈወስ እንጂ «ኃጢአተኛ» ተብሎ የሚወቀስ አይደለም፤ ስለዚህ ከሰባቱ አጋንንት ተነስቶ ወደ ዝሙት የሚወስድ መንገድም የለም።

ታዲያ መንገዱ ከየት መጣ? ከአንድ ገጽ በፊት። ሉቃስ ምዕራፍ 7 የሚያልቀው በፈሪሳዊው ስምዖን ቤት በተደረገ ግብዣ ነው። በከተማው በኃጢአቷ የታወቀች ሴት የሽቱ ብልቃጥ ይዛ ትገባለች፣ በእንባዋ የጌታን እግር ታርሳለች፣ በፀጉሯ ታብሳለች። ስም የላትም። ሉቃስ ስሟን አውቆ ሸሽጎላት ይሁን ሳያውቅ ቀርቶ፣ አልጻፈውም። ምዕራፉ አልቆ ቀጣዩ ሲጀምር መግደላዊት ትጠራለች። በዮሐንስ ምዕራፍ 12 ደግሞ የቢታንያዋ ማርያም የጌታን እግር ሽቱ ቀብታ በፀጉሯ ታብሳለች። አንዷ ስም የለሽ ኃጢአተኛ፣ አንዷ የአልዓዛር እኅት፣ አንዷ የመግደላ ሰው፤ በፀጉርና በሽቱ የሚገናኙት ሁለቱ ሲሆኑ፣ በስም የሚገናኙት ደግሞ ሌሎች ሁለት ናቸው። ሦስቱን አንድ ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቆራጥ ሰባኪ ብቻ ነበር።

ጎርጎርዮስና ሰባቱ አጋንንት

ሰባኪው የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ጎርጎርዮስ ሌላ ነው፤ እርሱ አሥራ ሦስተኛው ሲሆን የመጣው ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የእኛው ጎርጎርዮስ መንበሩን የያዘው በ590 ነበር፤ ሮም እንደዚያ የተጎሳቆለችበት ዘመን ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የቲቤር ወንዝ ሞልቶ ጎተራዎችን ጠራርጎ ወስዷል። ወረርሽኝ ተከትሎ ገብቷል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ጳጳስ ፔላጊዮስም በዚሁ በሽታ ነው የሞቱት። ከከተማው ውጭ ደግሞ የሎምባርድ ጦር አገሩን ይዞታል። በቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ሕዝብ የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ይህ ሁሉ የወረደብን በኃጢአታችን ከሆነ፣ ተመልሰን የምንድንበት መንገድ አለ ወይ?

ጎርጎርዮስ ወደ 591 ገደማ በሉቃስ 7 ላይ በሰጠው ስብከት (ከወንጌል ስብከቶቹ ሠላሳ ሦስተኛው ነው) መልስ ይዞ ቀረበ። ሉቃስ ኃጢአተኛ ያላት፣ ዮሐንስ ማርያም ያላት፣ ማርቆስም ሰባት አጋንንት የወጡላት ያላት አንዲት ሴት እንደሆነች እናምናለን ሲል አወጀ። ከዚያም አካሏን ክፍል በክፍል እየወሰደ ተነተነ፤ ለገላዋ መዓዛ የነበረው ሽቱ ለጌታ እግር ሆነ፣ ምድራዊውን ይመኝ የነበረው ዓይን አነባ፣ ለጌጥ የነበረው ፀጉር እንባ አደረቀ። ሰባቱ አጋንንት ደግሞ፣ አለ፣ የኃጢአት ሁሉ ምሳሌ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በአጋጣሚ የመጣለት ሐሳብ አይመስለኝም። ምዕራባውያን እስከ ዛሬ የሚቆጥሯቸውን ሰባቱን ዋና ዋና ኃጢአቶች በኢዮብ መጽሐፍ ትርጓሜው ያደላደለው ይኸው ሰው ነው። ቁጥሩ እጁ ላይ ነበር።

እንደ ስብከት ከመዘንነው ግሩም ነው፤ ጣጣውም ግሩም መሆኑ ነው። ስም የሌላት፣ ከአንድ ግብዣ በኋላ የምትጠፋ ሴት ለተሸበረ ሕዝብ ብዙ አትጠቅምም። ስም ያላት፣ ወድቃ የተነሣች፣ ከዚያም ትንሣኤውን ቀድማ ለማየት የበቃች ሴት ግን ለማንም ተስፋ ትሆናለች። ጎርጎርዮስ ሊሰድባት አልፈለገም፤ ከፍ ሊያደርጋት ነው የፈለገው። አንዳንድ የዘመናችን ጸሐፊዎች «ቤተ ክርስቲያን የሴት ሐዋርያን ሥልጣን ለማጥፋት ሆን ብላ ስሟን አጠፋች» ሲሉ ነገሩን ከሴራ ይቆጥሩታል። እኔ ሴራ አይታየኝም። የሚታየኝ ጥሩ ታሪክ የሚወድ፣ በሐዘን የተከበበ ሰባኪ ነው። ጉዳቱ ግን በዚህ አልቀነሰም።

ምሥራቁ ይህን አልተቀበለም። በግሪኮቹ ዘንድ መግደላዊት ሽቱ ይዘው ወደ መቃብር ከገሠገሡት ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ቀረች፤ ኃጢአተኛዋ ሌላ፣ የቢታንያዋ ሌላ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ለማየት መጽሐፍ መግለጥ እንኳ አያስፈልግም፤ የፋሲካን ሰሞን መቁጠር ይበቃል። የሕማማት ረቡዕ «የመልካም መዓዛ ቀን»፣ «የእንባ ቀን»ም ይባላል፤ ሽቱዋን ያፈሰሰችው፣ ያነባችው ሴት የምትታሰብበት ነው። እርሷም «ማርያም እንተ ዕፍረት» የሚል የራሷ መጠሪያ አላት፣ ባለ ሽቱዋ ማርያም ማለት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ቅዳሜ ደግሞ «ቅዱሳት አንስት» ነው፤ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች፣ መግደላዊትም ከነርሱ ጋር፣ የሚከበሩበት። ከእንባው ረቡዕ እስከ ቅዱሳት አንስት ቅዳሜ አሥር ቀን ነው። ባለ ሽቱዋ የራሷ ስምና የራሷ ቀን ስላላት፣ የመግደላዊት ስም የእርሷን ሸክም እንዲሸከም የሚያስገድድ ነገር አልነበረም።

ፀጉሩ ያደገው በኋላ ነው

በምዕራቡ ግን የጎርጎርዮስ ስብከት በየገዳሙ እየተገለበጠ ተነበበ፤ ሐምሌ 22 ክብረ በዓሏ ሆነ። በአሥራ አንደኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኘው የቬዝሌ ገዳም አፅሟ እኔ ጋ ነው አለ። በ1279 ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ማክሲመን ላይ ሌላ አፅም «ተገኘ»፤ ተሳላሚውም ወደዚያ ዞረ። ክርክሩ ረጅምና አሰልቺ ነው፣ አንገባበትም። ከዚህ ሁሉ የወጣው አፈ ታሪክ ግን መነገር አለበት፦ መግደላዊት መቅዘፊያ በሌለው ጀልባ ተጭና ፕሮቫንስ ደረሰች፣ ሰበከች፣ ከዚያም ዋሻ ገብታ 30 ዓመት በንስሐ ኖረች፤ ልብሷ አልቆ ፀጉሯ ብቻ ሸፈናት።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ «ቆይ፣ ይህንንማ አውቀዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። በጋለሞታነት ኖራ፣ ዮርዳኖስን ተሻግራ፣ በበረሃ ብቻዋን ተጋድላ፣ ልብሷ አልቆባት አባ ዞሲማስ ያገኛት ማርያም ግብጻዊት ናት። እርሷ የኖረችው ከመግደላዊት ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይታ ነው። አሁን እንግዲህ አንዲቷ ሴት አራት ሴቶችን አዝላለች። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን ያዕቆብ ዘቮራጊኔ «ወርቃማው ገድል» የተባለውን የቅዱሳን ታሪክ ሲያዘጋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ሰፋው፤ መጽሐፉም በአውሮፓ በብዛት ከተገለበጡት አንዱ ሆነ። የፍሎረንሱ ዶናቴሎ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ከእንጨት የጠረባት መግደላዊት ይህችው ናት። ጉንጯ የጎደጎደ፣ ጥርሷ የረገፈ፣ እጇን ለጸሎት ያቀራረበች አሮጊት ስትሆን እስከ ጉልበቷ የሚወርደው ፀጉሯ ልብስ ይሁን ፀጉር አይለይም። አንድም የመግደላ ነገር የላትም። ከግብጻዊቷ የተወሰደች ናት፤ ሆኖም በዓለም ላይ ካሉት የመግደላዊት ምስሎች ሁሉ ዓይኔን የያዘችው እርሷ መሆኗን አልክድም።

አንድ ሰው ሊያርም ሞክሮ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ዣክ ለፌቭር ዴታፕል በ1517 የወንጌሉን ቃል ከቃል እያስተያየ ሴቶቹ ሦስት ናቸው ብሎ ጻፈ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ሉተር ተቃውሞውን ያወጣበት ዓመት ነው። የእንግሊዙ ጳጳስ ጆን ፊሸር መልስ ጻፈ። ከመልሱ በስተጀርባ ያለው ሥጋት ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸለየበት፣ ሰባኪው ሁሉ የሰበከው ነገር ስሕተት ነበር ከተባለ፣ ነገ ደግሞ ምኑ ስሕተት ይባላል? የፓሪስ የነገረ መለኮት መምህራን በ1521 የለፌቭርን አሳብ አወገዙ። ነገሩ ተዘጋ፤ ለ450 ዓመት ያህል።

ስሙ ቤት ሲሠራ

እስካሁን ያየነው የአንዲት ቅድስት ታሪክ ሲጣመም ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ይለያል፤ የተጸውዖ ስም የነበረው የወል ስም ሆነ። በጀርመን ሩዶልፍ የተባለ የዎርምስ ካህን ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ ሴቶችን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ፣ ሮምም በ1227 አጸደቀችለት፤ ስማቸው የቅድስት ማርያም መግደላዊት ንስሐ ገቢዎች ተባለ። በየከተማው እንዲህ ያሉ ቤቶች ተከፈቱ። ቀስ በቀስ «መግደላዊት» ማለት በእንዲህ ያለ ቤት ያለች፣ ወይም ልትገባ የሚገባት ሴት ማለት ሆነ። በእንግሊዝኛ ቃሉ ሌላም ዘር ጣለ። በ1458 የተመሠረተው የኦክስፎርዱ የመግደላዊት ኮሌጅ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ሞድሊን» ተብሎ ነው፤ ይኸው ድምፅ ደግሞ በማይረባ ነገር፣ በተለይ መጠጥ ሞቅ ሲያደርገው የሚያለቃቅስን ሰው መንቀፊያ ቅጽል ሆኖ ቀርቷል።

ቅዱሳንን አማላጅ ማድረግ አይገባም የሚሉት ፕሮቴስታንቶች እንኳ ስሙን አልተዉትም። በ1758 ለንደን ላይ የመግደላዊት ሆስፒታል ተከፈተ፤ በ1767 ሌዲ አራቤላ ዴኒ የምትባል ባለጸጋ ደብሊን ላይ ተመሳሳዩን ከፈተች፤ በ1800 ፊላደልፊያ ተከተለች። ቅድስቲቱ ቀርታ ስያሜዋ ተፈልጎ ነበር።

አየርላንድ ላይ ጠበቅ አድርገን እንቁም። አገሪቱ በ1922 ነፃ ስትወጣ አሥር የመግደላዊት የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ፣ የሚያስተዳድሯቸውም አራት የካቶሊክ መነኮሳይያት ማኅበራት። ከዚያ ዓመት እስከ 1996 ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች እንደገቡባቸው መንግሥት ያቋቋመው የማክአሊስ ኮሚቴ በ2013 አረጋግጧል። ትንሿ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትልቋ የ89 ዓመት አሮጊት። «መግደላዊት» ሲባል አንባቢ የሚያስበው ሴተኛ አዳሪን ነው፤ ከገቡት አብዛኞቹ ግን ከዚያ ጋር ምንም ንክኪ የላቸውም። ያለ ጋብቻ የወለደች አለች። ወላጅ አልባ ሆና ከሕፃናት ማሳደጊያ በቀጥታ የተዛወረች አለች። እናቷ ሞታ የእንጀራ እናት ያልፈለገቻት፣ የአእምሮ ዝግመት ያለባት፣ በጥቃቅን ሌብነት ፍርድ ቤት የላካት አለች። ከሩብ በላይ የሚሆኑትን የላከው ራሱ መንግሥት ነው። በሮቹ ይቆለፋሉ። ሥራው የሆቴል፣ የሆስፒታልና የጦር ሠፈር አንሶላ ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማጠፍ ነው። ደሞዝ የለም። የብዙዎቹ ቆይታ ከዓመት በታች ነበር፤ እዚያው ገብተው እዚያው አርጅተው የሞቱም አሉ።

ሲገቡ ከሚደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው ስማቸውን መውሰድ ነበር። በቤቱ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል፤ የራሷን ስም መጥራት የተከለከለች፣ ከጎኗ ለዓመታት አንሶላ ያጠፈችውን ሴት እውነተኛ ስም ሳታውቅ የወጣች አለች። ፀጉራቸው እንደተቆረጠም የመሰከሩ አሉ። የቅድስቲቱ ፀጉር በየሥዕሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ፣ በስሟ ከተጠሩት የአንዳንዶቹ ተቆረጠ።

በ1993 ደብሊን ውስጥ ሃይ ፓርክ በተባለው ቦታ ያሉት መነኮሳይያት መሬታቸውን ሸጡ። መሬቱ ላይ የማጠቢያ ቤቱ ሴቶች መቃብር ስለነበረ አፅሙን ለማንሣት ፈቃድ ተጠየቀ፤ ፈቃዱ ለ133 አስከሬን ነበር። ሲቆፈር 155 ሆነው ተገኙ። በተጨማሪም ለመንግሥት በቀረበው ዝርዝር የአንዳንዶቹ ሴቶች ትክክለኛ ስም አልታወቀም፤ የተጻፈው የቤቱ ስማቸው ብቻ ነበር፦ «የቅድስት ሴሲሊያ መግደላዊት»፣ «የሉርድ መግደላዊት»። አንዲትን ማርያም ከሌሎች ማርያሞች ለመለየት የወጣው ስም፣ እዚህ ሲደርስ ሴትን ከሴት መለየት እንዳይቻል የሚያደርግ ስም ሆኗል። አፅማቸው ተቃጥሎ በግላስኔቪን መቃብር አንድ ላይ ተቀበረ። ጋዜጦቹ ከዚያ በኋላ ነው ዝም ማለት ያልቻሉት፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በፓርላማ ቆመው በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት የካቲት 19 ቀን 2013 ነው።

የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት በደብሊን ሾን ማክደርሞት ጎዳና የተዘጋው በጥቅምት 1996 መሆኑን ከሌላ ቀን ጋር እናስተያየው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስሕተቱን ያረመችው በ1969 ነበር። የበዓላት መቁጠሪያው ሲታደስ ሐምሌ 22 ይነበብ የነበረው የሉቃስ 7 ኃጢአተኛ ሴት ታሪክ ወጥቶ፣ በዮሐንስ 20 መግደላዊት ከመቃብሩ ደጅ ጌታን የምታገኝበት ገባ። ሐተታውም በዓሉ የሚመለከተው ክርስቶስ የተገለጠላትን ሴት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እርማቱ ትክክል ነበር፣ ግን በለሆሳስ የተደረገ ነበር። ምንባብ ተቀየረ እንጂ ከመድረክ ወጥቶ «ተሳስተን ነበር» ያለ የለም። በስሟ የተከፈቱት ማጠቢያ ቤቶች ከዚያ በኋላም 27 ዓመት ሠሩ።

ቀዳዳው ያመጣው ትርጉም

ስሙ ግን አሁንም አላረፈም። በ1896 አንድ ጀርመናዊ ካይሮ ላይ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ የፓፒረስ መጽሐፍ ገዝቶ በርሊን ወሰደ፤ በ1955 ታተመ። ውስጡ «የማርያም ወንጌል» የተባለ፣ በቤተ ክርስቲያን ተቀባይነት የሌለው ጽሑፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ጠፍተዋል፣ ከመካከሉም አራት። በተረፈው ውስጥ ማርያም ከጌታ የሰማችውን ለደቀ መዛሙርቱ ትነግራለች፣ ጴጥሮስና እንድርያስ አያምኗትም፣ ሌዊ ይከላከልላታል። በ1945 ደግሞ በላይኛው ግብፅ ናግ ሐማዲ ላይ ከተገኙት መጻሕፍት መካከል «የፊልጶስ ወንጌል» የሚባለው ስለ መግደላዊት ሲናገር ጌታ አዘውትሮ ይስማት ነበር ይልና የት ላይ እንደሆነ ሊናገር ሲል ገጹ ተቀድዷል። ቃሉ ግንባር ይሁን፣ ጉንጭ ይሁን፣ ሌላ፣ ጉንዳኖች በልተውታል ይላሉ ቀልደኞቹ ሊቃውንት።

በዚያች ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሙሉ የመጽሐፍ ገበያ አለፈ። በ2003 የወጣው የዳን ብራውን «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» መግደላዊትን የጌታ ሚስት አድርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ሸጠ። ደጋፊዎቹ ከጋለሞታነት ስም ነፃ አወጣናት ብለው አሰቡ። እኔ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታየኝም። በወንጌል በገንዘቧ የምታገለግል፣ የማንም ሚስት ተብላ ያልተጠራች ሴት፣ አንድ ጊዜ ለብዙ ወንዶች፣ ሌላ ጊዜ ለአንድ ወንድ ተሰጠች። በሁለቱም ጊዜ ማንነቷ ከወንድ ጋር ባላት ግንኙነት ነው የተለካው።

ሮም በበኩሏ የሄደችው በሌላ አቅጣጫ ነው። ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1988 ስለ ሴቶች ክብር በጻፉት መልእክት «የሐዋርያት ሐዋርያ» የሚለውን የመካከለኛው ዘመን ማዕረጓን አነሡት። ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሰኔ 2016 ሐምሌ 22ን ከመታሰቢያነት ወደ ክብረ በዓልነት ከፍ አደረጉት፤ በደረጃ ከሐዋርያት በዓላት ጋር እኩል ማለት ነው።

አገራችንን በሚመለከት ግን አንድ ሥጋት አለኝ። የጎርጎርዮስን ስብከት በመጽሐፍ ያልተቀበልን ሰዎች በፊልም እየተቀበልነው ነው። በ2004 የወጣው የሜል ጊብሰን የሕማማት ፊልም በፋሲካ ሰሞን በየቤቱ ይታያል። በዚያ ፊልም መግደላዊት በዝሙት ተይዛ በድንጋይ ልትወገር የነበረችው የዮሐንስ 8 ሴት ሆና ትመጣለች። ይህን ደግሞ ጎርጎርዮስ እንኳ አላለውም፤ እርሱ የደመራቸው ሴቶች ውስጥ የዮሐንስ 8ቷ የለችም። ሕማማት ረቡዕ ስለ ባለ ሽቱዋ የሰማ፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስትን የሚያከብር ወጣት «መግደላዊት ማን ነበረች?» ሲባል «ጋለሞታ የነበረችው» ብሎ ሲመልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ረጅም ትምህርት መስጠት አያስፈልግም። ሉቃስ 7ን፣ ሉቃስ 8ንና ዮሐንስ 8ን በተራ አስነብቡትና በእያንዳንዱ ቦታ የሴቲቱን ስም ይፈልግ። ሦስቱንም አንብቦ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።